አራት ሰከንድ የበረረችው ዲሲ-3

ባለፈው ሳምንት የለጠፍኳትን ነጭ የፎም አውሮፕላን አይታችሁ በውስጥ መስመር የጻፋችሁልኝ ብዙ ናችሁ። ግማሾቻችሁ «ቲቸር፣ ጡረታ ተስማማዎት እንዴ?» ብላችሁ ቀልዳችሁብኛል፣ ይሁን። ሌሎቻችሁ ግን ከልባችሁ «እኔም ከባዶ ተነስቼ አንድ በሬዲዮ የምትበር አውሮፕላን መሥራት እፈልጋለሁ፣ መጀመሪያ የትኛዋን ልሥራ?» ብላችኋል። ለእያንዳንዳችሁ ከምመልስ እዚሁ ልጻፈው። ይረዝማል፣ ቡና ይዛችሁ አንብቡት።

ከራሴ ጥፋት ልጀምር። እኔ መጀመሪያ የመረጥኩት ዲሲ-3ን ነው። ሌላ ምን ልመርጥ? አየር መንገዳችን እ.ኤ.አ. በኤፕሪል 1946 በአስመራ በኩል ወደ ካይሮ የመጀመሪያውን በረራ ያደረገው በሲ-47፣ ማለትም በዲሲ-3 ወታደራዊ እህት ነው። ፎቶዋን ከልጅነቴ ጀምሮ እወደዋለሁ። ያ አፍንጫዋን ወደ ሰማይ ቀና አድርጋ የምትቆመው ነገር! ፕላኗን ከኢንተርኔት አውርጄ በትልቅ ወረቀት አሳተምኩና ሳሎን መሬት ላይ ዘረጋሁት። ባለቤቴ ለአምስት ወር በጠርዝ በጠርዙ ስትራመድ ከረመች።

አምስት ወር! ባልሳ የሚባለውን ቀላል እንጨት እዚህ ስላላገኘሁ በቀጭን ኮምፔንሳቶ ተካሁት። የተጣመመውን በስቱኮ ሞላሁ፣ ስቱኮውን በብርጭቆ ወረቀት አለሰለስኩ፣ ከዚያ ቀለም፣ ጅራቷ ላይ አረንጓዴ ቢጫ ቀይ። ሞተሮቹን፣ ሰርቮዎቹንና ባትሪውን እህቴ ከቨርጂኒያ ስትመጣ ይዛልኝ መጣች (ባትሪው ሊቲየም ስለሆነ በእጅ ሻንጣ እንጂ በሚጫነው ውስጥ አይገባም፣ የምታስመጡ ልብ በሉ)። ሁሉም ተገጣጥሞ ሚዛን ላይ ሳወጣት 2 ኪሎ ከ100 ግራም ሆነች። «ትንሽ ከበደች» አልኩ ለራሴ። ግን ያን ያህል ከለፋሁ በኋላ ሚዛኑን ማን ይሰማዋል?

ፈቃዱን ጨርሰን፣ ከከተማ ወጣ ብሎ እህሉ የተነሳለት ማሳ ላይ፣ ባለቤቱንም አስፈቅደን፣ በማለዳ ሄድን። የእህቴ ልጅ ሮጦ ወረወራት። ቀጥ ብላ ሄደች፣ ልቤ ደስ አለው፣ አፍንጫዋን ትንሽ ቀና ላደርጋት ስል ግራ ክንፏን ጣል አድርጋ ተገለበጠች። በቃ። የእህቴ ልጅ በስልኩ ቀርጾት ነበርና በኋላ ቆጠርነው፣ አራት ሰከንድ ናት። ከብት የሚጠብቁ ልጆች መጀመሪያ በሳቅ ፈረሱ፣ ከዚያ ስብርባሪውን ሲለቅሙልኝ ቆዩ። አንዱ ትንሽ ልጅ ሞተሩን ከአፈር አውጥቶ በእጁ አሽከረከረና «አባባ፣ ይቺ ደህና ናት» አለኝ። እውነቱን ነበር።

ያን ዕለት ማታ ቁጭ ብዬ ከወር በፊት መሥራት የነበረብኝን ስሌት ሠራሁ። የክንፏ ስፋት 28 ካሬ ዴሲሜትር ነው። ክብደቷን ስታካፍሉት በእያንዳንዱ ካሬ ዴሲሜትር 75 ግራም ትሸከማለች ማለት ነው። እንዲህ ያለ ክንፍ አየር ላይ ለመቆየት በስሌቴ በሰዓት ከ40 ኪሎ ሜትር በላይ ይፈልጋል። የሰው እጅ ሮጦም ቢወረውር እዚያ ለመድረስ ይቸገራል። ደግሞ ክንፏ ወደ ጫፉ እየጠበበ ስለሚሄድ፣ ፍጥነት ሲያንሳት መጀመሪያ የሚከዳት ጫፉ ነው፣ አንዱ ጫፍ ከከዳ ትገለበጣለች።

በዚህ ላይ አዲስ አበባን ረስቼአታለሁ። ፊዚክስ ሳስተምር ኖሬ! ከተማችን ከባሕር ጠለል በላይ ከ2,300 ሜትር ታልፋለች። አየሯ ከባሕር ዳርቻው አየር ወደ 20 በመቶ የሳሳ ነው። ያችው አውሮፕላን ባሕር ዳር አገር ከምትፈልገው ፍጥነት እዚህ 12 በመቶ ያህል መጨመር አለባት፣ ያው ፕሮፔለር በያው ዙር እየተሽከረከረ የሚሰጣት ግፊት ደግሞ በአንድ አምስተኛ ያንሳል። የቦሌ ማኮብኮቢያ ያን ያህል የረዘመበት አንዱ ምክንያት ይኸው ነው። እኔ ግን የባሕር ዳርቻ ሰው የሳለውን ፕላን ወስጄ፣ አክብጄ፣ ሱሉልታ አቅጣጫ ወጥቼ ወረወርኩት።

ስለዚህ «የትኛዋን ልሥራ» ስትሉኝ እኔ መልሼ የምጠይቃችሁ አንድ ነገር ነው። ዛሬ ብትከሰከስ ነገ ማታ ጠግናችኋት ታድራላችሁ? መልሱ «አይ፣ አምስት ወር ይፈጅብኛል» ከሆነ እሷ ሦስተኛ ወይ አራተኛ ትሁን። የመጀመሪያዋ መከስከሷ አይቀርም። ስትበር ከእናንተ ስትርቅ ግራው ግራ ነው። ዞራ ወደ እናንተ ስትመጣ ግራው ቀኝ ይሆናል፣ እጃችሁ ይህን እስኪለምድ ድረስ ብዙ ጊዜ መሬት ትነካላችሁ። የሚያፈቅሩትን ነገር እየበረሩ መማር አይቻልም፣ እጅ ይንቀጠቀጣል።

ነጯ እንዲህ ናት። የአርክቴክቸር ተማሪዎች ለሞዴል ከሚገዙት ፎም ቦርድ፣ በከተርና በግሉ ጋን የተሠራች። ክንፏ ከጫፍ ጫፍ 1 ሜትር ከ20፣ ወርዱ 20 ሳንቲሜትር፣ ሳይጠብ እኩል የሚሄድ። ሁለት ፎም ተደራርቦ መሃሉ የእንጨት ዘንግ አለው። ክንፉ ከአካሏ በላይ ነው፣ ጫፍና ጫፉም ትንሽ ወደ ላይ ቀና ስላለ ስታዘነብል ራሷን ታቀናለች። አንድ ሞተር፣ ኤሌቬተርና ራደር፣ ሌላ የላትም። የጅራቷ አግዳሚ የክንፉን ስፋት አንድ አምስተኛ ያህላል። ሙሉ ክብደቷ ከነባትሪው 720 ግራም፣ ማለትም በካሬ ዴሲሜትር 30 ግራም። ክንፉን በማስቲሽ አላጣበቅሁትም፣ በላስቲክ ነው ያሰርኩት። መሬት ስትመታ ላስቲኩ ይለቃል፣ ክንፉ ይተርፋል። ከመወርወራችሁ በፊት ከክንፉ የፊት ጠርዝ ከ5 እስከ 6 ሳንቲሜትር ላይ በሁለት ጣት ከታች ደግፋችሁ አንሷት። ጅራቷ ካዘቀዘቀ ባትሪውን ወደ ፊት ግፉት። ይህችን ነገር ሰንፋችሁ አትዝለሏት፣ ጅራቷ የከበደ አውሮፕላን እጅ አትሰጥም።

ባለቤቴ «የጫማ ካርቶን» ብላታለች። ልክ ናት፣ መልክ የላትም። በሁለት ማታ ተሠርታ በመጀመሪያው ቅዳሜ ሦስት ደቂቃ በረረች። እስካሁን አሥራ አንድ ጊዜ ተከስክሳለች።

አሁን ደግሞ ለመጻፍ ስፈራ የቆየሁትን ልጻፍ።

ነጯ አየር ላይ ሆና ሳያት ክንፏ ከላይም ከታችም አንድ ዓይነት፣ ጠፍጣፋ መሆኑ ትዝ አለኝ። እኔ ስንቱን ክፍል ምን ብዬ አስተማርኩ? የክንፍ ቅርጽ ጥቁር ሰሌዳ ላይ ስዬ፣ ላዩ ጎበጥ፣ ታቹ ቀጥ ያለ፣ «ከላይ የሚሄደው አየር መንገዱ ስለሚረዝም፣ ከታቹ ጋር ኋላ ላይ እኩል ለመድረስ ይፈጥናል» አልኳችሁ። ጻፋችሁ፣ ተፈተናችሁ፣ እኔም አረምኩ። ስህተት ነው ልጆቼ። ሁለቱ አየሮች ኋላ ላይ እንዲገናኙ የሚያስገድዳቸው ሕግ የለም፣ እንዲያውም የላይኛው ቀድሞ ይደርሳል። ክንፍ ትንሽ ዘንበል ብሎ አየሩን ወደ ታች ይመልሰዋል፣ አየሩም መልሶ ወደ ላይ ይገፋዋል። የላዩ አየር መፍጠኑና ግፊቱ መቀነሱ እውነት ነው፣ ምክንያቱ ግን እኔ ያልኳችሁ አይደለም። በርኑሊ ምንም አላጠፋም፣ ያጠፋሁት እኔ ነኝ።

ይህን ነግራኝ የነበረች ልጅ አለች። በ1998 ወይ በ1999 ዓ.ም.፣ 11ኛ ክፍል፣ በመስኮቱ በኩል ሦስተኛው ረድፍ። እጇን አውጥታ «ቲቸር፣ ታዲያ ተገልብጦ የሚበር አውሮፕላን ለምን አይወድቅም?» አለችኝ። መልሱን አላውቀውም ነበር። አላውቅም ማለት ሲገባኝ «እሱ ፈተና ላይ አይመጣም፣ ተቀመጪ» አልኳት። ክፍሉ ሳቀ። እኔም ፈገግ ማለቴ ትዝ ይለኛል። ከዚያ በኋላ እስከ ሰኔ ድረስ እጇን አላወጣችም። ይህን ያወቅሁት ያኔ አይደለም፣ ዘንድሮ ያቺ ካርቶን ስትበር እያየሁ መለስ ብዬ ሳስብ ነው።

ስምሽን እዚህ አልጽፈውም። ካነበብሽው ግን በውስጥ መስመር ጻፊልኝ። ዲሲ-3ዋ ስብርባሪ መደርደሪያ ላይ ናት፣ አንድ ቀን እመለስባታለሁ። አሁን ጠረጴዛዬ ላይ ያለችው ሌላ ናት፣ ክንፏ ቀጥ ያለ፣ ግራና ቀኝ ማዘንበያ የተገጠመላት፣ ተገልብጣ እንድትበር። ሁለት ጊዜ ገልብጫት ሁለቱንም ጊዜ በአፍንጫዋ ማሳው ውስጥ ተክያታለሁ። ቅዳሜ ነፋስ ሳይነሳ፣ ከጠዋቱ 12 ሰዓት ተኩል፣ እንደገና እንሞክራለን። ሬዲዮውን አንቺ ትይዣለሽ።