ከዝናብ በኋላ እንጉዳይ ፍለጋ

የቅዳሜው የገበያ ማዕከል መጫወቻ ልጆችዎን አሰልችቷቸው ይሆን? እንግዲያው ክረምቱ ሲቀል ቦት ጫማ ያስደርጓቸውና እንጉዳይ ፍለጋ ይዘዋቸው ይውጡ። ለመብላት አይደለም፤ ለማየት።

የእኛ ቤተሰብ ምርጫ መናገሻ ሱባ ነው። ከአዲስ አበባ በስተ ምዕራብ፣ በወጨጫ ተራራ ጎን የሚገኝ ጥንታዊ ደን ነው። በ15ኛው ክፍለ ዘመን ዐፄ ዘርዓ ያዕቆብ ከወፍ ዋሻ የጽድ ዘር አስመጥተው እንዳስተከሉት ይነገራል። ከጽዱ ጋር ዝግባ፣ ወይራና ኮሶ ያያሉ፤ ቅርንጫፉ ላይ ደግሞ ጉሬዛ ይዘላል። መስከረም ተስማሚ ወር ነው፤ መሬቱ ገና እርጥብ ነው፣ መንገዱ ግን እንደ ሐምሌ አያስቸግርም። ከመነሳትዎ በፊት ስለ መንገዱና ስለ መግቢያው ይጠይቁ።

ደኑ ውስጥ ሲገቡ አይቸኩሉ። የወደቀ ግንድ፣ የበሰበሰ ጉቶና ጥላ ያለበት የረገፈ ቅጠል ይፈልጉ። ልጆች ለመሬት ስለሚቀርቡ ቀድመው የሚያገኙት እነሱ ናቸው። ሲያገኙ ይህን ይንገሯቸው፦ እንጉዳይ ተክል አይደለም። የሚታየው ጥላ መሳይ ክፍል እንደ ፍሬ ነው፤ ዋናው አካል በግንዱና በአፈሩ ውስጥ የተሰራጨ ክር መሳይ መረብ ነው። የወደቀውን እንጨት አበስብሶ ወደ አፈር የሚመልሰው እሱ ነው።

ቀጥሎ የሚመጣው ጥያቄ የታወቀ ነው። የስድስት ዓመቷ ልጄም አላስቀረችውም፦ «ይበላል?»

በእኛ የልጅነት ጊዜ መልሱ አጭር ነበር፦ «የጅብ ጥላ ነው፣ አትንኩ!» ነገር ግን በምዕራብና በደቡብ ምዕራብ ኢትዮጵያ ዝናብ ሲጥል የዱር እንጉዳይ ለቅመው የሚመገቡ ማኅበረሰቦች አሉ፤ ኩይሳ ላይ የሚበቅለውም አንዱ ነው። እነሱ የአካባቢያቸውን እንጉዳይ ከወላጆቻቸው ተምረው ለይተው ያውቁታል። እኛ ከተሜዎች ግን ይህ ዕውቀት የለንም። የስልክ ፎቶ ማነጻጸርም አይተካውም።

«ወፍ ከበላው ለሰውም ይሆናል»፣ «በደንብ ከተቀቀለ መርዙ ይጠፋል» የሚሉትንም አይመኑ። አንዳንድ ገዳይ እንጉዳዮች መርዛቸው በእሳት አይጠፋም። ምልክቱ የሚታየው ከበሉ ከስድስት ሰዓት በላይ ቆይቶ ሊሆን ይችላል፤ ማስመለሱና ተቅማጡ ጋብ ብሎ ታማሚው የተሻለው ሲመስል፣ ጉበቱ ግን መጎዳቱን ይቀጥላል። ልጅዎ የዱር እንጉዳይ አፉ ውስጥ ከከተተ ምልክት ሳይጠብቁ፣ የተረፈውን እንጉዳይ ይዘው ወደ ሆስፒታል ይሂዱ።

ስለዚህ የቤተሰቡ ሕግ ሦስት ይሁን፦ እናያለን፣ ፎቶ እናነሳለን፣ ከምሳ በፊት እጃችንን እንታጠባለን። እንጉዳዩን መንካት ብቻውን አይመርዝም፤ አደጋው መብላቱ ነው።

ቤት ስትመለሱ ጨዋታው ይቀጥል። ከሱፐርማርኬት ቆቡ የተከፈተ እንጉዳይ ይግዙ፤ እግሩን ቆርጠው ቆቡን ነጭ ወረቀት ላይ ይድፉት፣ ብርጭቆም ይክደኑበት። ጠዋት ቡናማ ብናኝ ጨረር የመሰለ ሥዕል ሠርቶ ያገኙታል። አዲስ እንጉዳይ የሚበቅለው ከዚያ ብናኝ ነው። የተረፈውን በሽንኩርትና በቃሪያ ጠብሰው ያቅርቡ፤ «ይበላል?» ለሚለው ጥያቄ ያለ ስጋት «አዎ» የሚሉት ያኔ ነው።