አፈሩን ማን ይመልሰዋል?

ሥራዬ ኮድ መጻፍ ነው። የተበላሸ ነገር ካለ ወደ ትናንቱ ስሪት እመልሰዋለሁ፤ ሻይዬ እንኳ ሳይቀዘቅዝ ያልቃል። “እንደነበረ እናደርገዋለን” የሚል ሰው ለእኔ አዲስ አይደለም። ስለ ጋሪዋንግ ሳነብ ግን ይህቺው ቃል ጎረበጠችኝ።

ጋሪዋንግ ደቡብ ኮሪያ የሚገኝ 1,561 ሜትር ከፍታ ያለው ተራራ ነው። ደኑ በሕግ የተጠበቀ ነበር። በኦሎምፒክ የወንዶች የቁልቁለት ስኪ ደግሞ ቢያንስ 800 ሜትር ወደ ታች የሚወርድ መንገድ ይፈልጋል፤ ለ2018ቱ (እ.ኤ.አ.) የፒዮንግቻንግ ውድድር ጋሪዋንግ ተመረጠ። ጥበቃው በከፊል ተነሣ፣ በአሥር ሺዎች የሚቆጠሩ ዛፎች ተቆረጡ። ቃል የተገባው ከውድድሩ በኋላ ደኑ እንደሚመለስ ነው።

ዛፍማ ይተከላል። መትከል እኛም እናውቅበታለን፤ መቁጠር ላይማ ማን ይችለናል! የማይተከለው አፈሩ ነው።

ስኪ ሲባል ተራራውን የሚጎዱት ተንሸራታቾቹ ይመስላሉ። ትልቁ ጥፋት የሚደርሰው ግን በረዶ በሌለበት ወቅት፣ ዶዘር ጉብታውን ሲደለድል ነው። ከፍታ ላይ ብርዱ መበስበስን ስለሚያዘገይ ስስ የአፈር ሽፋን ለመሥራት እንኳ መቶ ዓመታት ይፈጃል። በውስጡ የተኛ ዘር አለ፣ ከሥር ጋር ተደጋግፎ የሚኖር ፈንገስ አለ። ዶዘሩ ይህን ከታችኛው ጠጠር ጋር ሲደባልቀው ውሃ የሚይዝ ነገር ይጠፋል፤ ዝናብ ሲመጣ የቀረውም ታጥቦ ይወርዳል። አልፕስ ላይ በዶዘር የተደለደሉ ቁልቁለቶች ሣር ተዘርቶባቸው እንኳ ከብዙ ዓመታት በኋላ ራቁት መሬት ይታይባቸዋል።

በረዶውም ቢሆን የዋህ አይደለም። ያልተነካ በረዶ አየር ስለሚይዝ ለተክል እንደ ጋቢ ነው። ማሽን ሲጠቀጥቀው አየሩ ይወጣና ብርዱ ሥር ድረስ ይዘልቃል። ሰው ሠራሹ ደግሞ ዘግይቶ ስለሚቀልጥ ተክሉ የሚያድግባቸውን ጥቂት ሳምንታት ይሻማል። ከወንዝና ከኩሬ ውሃ ስለሚሠራም ማዕድን ይዞ ይመጣል። ማዳበሪያ ነው ብላችሁ ደስ እንዳይላችሁ፤ በድሃ አፈር መኖር የለመዱት የተራራ ተክሎች ማዕድን በሚወዱ ሌሎች ይገፋሉ።

ውድድሩ ሲያልቅ ጋሪዋንግ ላይ ክርክር ተነሣ። መንግሥት ደኑ ይመለስ ሲል የአካባቢው ሰዎች ቢያንስ ጎንዶላው ይቅርልን አሉ። አልፈርድባቸውም፤ የድንጋይ ከሰል ማዕድኑ ከተዘጋ ወዲህ ተስፋቸው ቱሪስት ነው። በ2021 ጎንዶላው ለጊዜው እንዲሠራ ተፈቀደ። ሰው ከላይ ሆኖ ፎቶ እያነሣ ይወርዳል፤ ከሥሩ ያ የተደለደለው ቁልቁለት አለ።