ጠበሉ፣ ክኒኑና እኔ

ይህን ጽሑፍ ያጻፈኝ ባለፈው ሰሞን ከጤና ትምህርት ክፍለ ጊዜ በኋላ በመኝታ ክፍላችን የተነሣው ክርክር ነው። እንደምታስታውሱት ግማሹ ሠልጣኝ «ጠበሉም፣ ክታቡም፣ ወዳጃውም አጉል እምነት ነው፤ መምህር ሆነን ስንወጣ ከሕዝቡ ልናስወግደው ይገባል» አለ። ሌላው ግማሽ ደግሞ «ሐኪም ያቃተው ስንቱ በጠበል ተነሥቷል!» እያለ የየሰፈሩን ምስክር ቆጠረ። መብራት እስኪጠፋ ድረስ ተጯጯኽን። ተጯጯኽን አልኩ እንጂ እኔስ አንድ ቃል አልተነፈስኩም። ዝም ያልኩት ሐሳብ አጥቼ አይደለም። ስለዚህ ጉዳይ ከተናገርኩ ስለ ራሴ መናገር ግድ ሊሆንብኝ ነው፤ ያን ደግሞ እስከ ዛሬ ለማንም አልተናገርኩም።

የሐይቅ ልጅ ነኝ፤ የእናቴ ወገኖች ግን አምባሰሎች ናቸው። ከቤታችን ትንሽ ወረድ ሲሉ ሐይቁ ነው፤ ከሐይቁ ዳር አቡነ ኢየሱስ ሞአ በ13ኛው መቶ ዓመት ደቀ መዛሙርት ያስተማሩበት የእስጢፋኖስ ገዳም አለ። በአምባሰል በኩል ደግሞ ግሸን ማርያም፣ መስከረም 21 ቀን ስንትና ስንት ሕዝብ የሚተምባት አምባ አለች። ጎረቤቶቻችን እኩሌታው እስላም ናቸው። ስለዚህ በእኛ አገር ሰው ሲታመም አንዱ ዘመድ ለታቦት ቢሳል፣ አንዱ ሼሁ ዘንድ ቢሄድ፣ ሦስተኛው ጤና ጣቢያ ቢወስድ «ምነው?» ብሎ የሚጠይቅ የለም። ሁሉም የሚያደርገው አንድ ነገር ነው፤ የታመመው እንዲድን።

ታናሽ እህቴ የ12 ዓመት ልጅ ሳለች እንጀራ ስትጋግር ወደቀች። ቀኝ እጇ ምጣዱ ላይ ቀረ። እናቴ ጩኸት ሰምታ ሳይሆን የሥጋ ጠረን ሸቷት ነው የሮጠችው። ጎረቤት ተሰበሰበ። አንዷ ክብሪት ጭራ አሸተተቻት፤ ሌሎቹ አረፋው እንዳይነካቸው ወደ ኋላ ሸሹ። «መንፈስ ነው፤ አትንኳት» ተባለ። ከዚያ በኋላ ያልሞከርነው የለም። ደብተራው ክታብ ጻፈላት። ጎረቤታችን ሼሁ ዱዓ አደረጉላት፤ ሳንቲም አልተቀበሉም፤ «ዱዓዬን አደርጋለሁ፤ እናንተ ግን ሐኪሙንም አትርሱ» ያሉን እሳቸው ናቸው። ገዳሙ ሴት ስለማያስገባ እኔ እየሄድኩ እምነት አመጣላት ነበር፤ ማለቴ የሚቀባውን አመድ ነው። እናቴ ከክታቡ በላይ፣ ከግንባሯ ላይ ትቀባታለች።

በትምህርት ቤት የሆነውን ሳልጽፍ አላልፍም። አንድ ቀን ክፍል ውስጥ ጣላት። ከዚያ ወዲያ ከጎኗ የሚቀመጥ ጠፋ፤ ሦስት ልጅ የሚይዘው ዴስክ ለብቻዋ ሆነ። መምህሯ ክፉ ሰው አልነበሩም፤ ግን ግራ ቢገባቸው ለሌሎቹ አስበው መጨረሻው ረድፍ ላይ፣ ከግድግዳው ሥር አስቀመጧት። በ6ኛ ክፍል ትምህርቷን ተወች። ማንም «ተዪ» አላላትም።

በመጨረሻ ሠፈራችን ያለችው የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛ መክራን ወደ ጤና ጣቢያ ወሰድናት። ፌኖባርቢታል የሚባል ክኒን ተሰጣት፤ ማታ ማታ አንድ። መድኃኒቱ ለዚህ በሽታ መዋል ከጀመረ እ.ኤ.አ. ከ1912 ጀምሮ መሆኑን ያወቅሁት በኋላ ነው፤ ርካሽም ነው። የጤና መኮንኑ ሁለት ነገር አስጠነቀቀን። አንደኛው፣ በደብተር መዝግቡ አለን፤ የጣላትን ቀን፣ ሰዓቱን፣ ከዚያ በፊት የሆነውን። ሁለተኛው፣ መድኃኒቱን በድንገት አታቋርጡ አለን፤ በድንገት ከተቋረጠ በሽታው ከበፊቱ ብሶ ይመጣል። ይህን የሰማሁት በገዛ ጆሮዬ ነው። ይህን ልብ በሉልኝ።

ደብተሩን የያዝኩት እኔ ነበርኩ። ያለፈውን እናቴን እየጠየቅሁ ጻፍኩት። እሷ ቀን የምትቆጥረው በታቦት ነው፤ «የሚካኤል ማግስት»፣ «የጊዮርጊስ ዕለት» እያለች አንድም ሳትስት ነገረችኝ። ከመድኃኒቱ በፊት በ11 ወር ውስጥ 13 ጊዜ ጥሏታል፤ ረጅሙ ፋታ 47 ቀን ነበር። እናቴ «ጨረቃ ስትሞላ ነው የሚነሣባት» ትል ነበር፤ ብንቆጥረው ከ13ቱ 3ቱ ብቻ ናቸው ሙሉ ጨረቃ ላይ የዋሉት። ግን ደግሞ «እንቅልፍ ስታጣ ነው» ትል ነበር። ይኸኛው እውነት ሆኖ ተገኘ። አምስቱ የጣሏት ሰርግ ቤት፣ ለቅሶ ቤት ወይም ማኅሌት ባደረች ማግስት ነው። ለጤና መኮንኑ ስንነግረው እንቅልፍ ማጣት በሽታውን እንደሚቀሰቅስ አረጋገጠልን። እናቴ ፊደል አልቆጠረችም፤ ግን ከሁላችንም በፊት ያየችው እሷ ነች። ከሁለቱ ግምቷ የትኛው እውነት እንደሆነ የለየው ደግሞ ደብተሩ ነው።

መድኃኒቱን ከጀመረች ሰባት ወር አንድም ቀን አልጣላትም።

እኔ የ12ኛ ክፍል ፈተና ወስጄ ውጤት በምጠብቅበት መስከረም ላይ፣ እናቴ የተሳለችው ስለት ነበርና ሦስታችን ግሸን ወጣን። እህቴ አቀበቱን ከእኔ ቀድማ ነበር የወጣችው። ስለቱ ገባ፤ እልል ተባለ። ቢበቃን መልካም ነበር፤ ግን ስንመለስ እናቴ «ፍጻሜው እንዲያምር ሁለት ሱባኤ ጠበል ትጠመቅ» አለችና በአምባሰል ቆላ ወዳለ አንድ ጠበል ወረድን። ሁለት ሱባኤ 14 ቀን ነው። እዚያ ከእኛ ጋር የሰነበተ አንድ ጎልማሳ ነበር፤ የራሱን ልጅ ሊያስጠምቅ የመጣ፣ ደግ ሰው፣ ውኃ የሚቀዳልን። ማታ ክኒኑን ስሰጣት አየኝ። «ወንድሜ፣ ጠበልና ክኒን አንድ ላይ? ይኼ እኮ መጠራጠር ነው። ወይ ታምናለህ፣ ወይ አታምንም» አለኝ።

እናቴ ወደ እኔ ዞረች። ከቤተሰቡ የተማርኩት እኔ ነኝ፤ ባዮሎጂ የተፈተንኩት እኔ ነኝ። «አንተ ምን ትላለህ?» አለችኝ። ክኒኑ በኪሴ፣ እምነቱ በእናቴ መቀነት ነበር። የጤና መኮንኑ ያለው ትዝ አላለኝም ብል እዋሻለሁ፤ ትዝ ብሎኛል። ግን ሰባት ወር ሙሉ ደኅና ነበረች፣ ግሸንን አሁን ተሳልመን መምጣታችን ነው፣ በዚያ ሁሉ ሰው ፊት የማያምን መባልንም ፈራሁ። «ለሁለት ሱባኤ እንተወው» አልኩ። ያልኩት እኔ ነኝ።

አንደኛው ቀን ደኅና፣ ሁለተኛው ደኅና። ሌሊት ለጸሎት ስለሚነሣ እንቅልፍ የለም፤ እስከ ዘጠኝ ሰዓትም እህል አይቀመስም። አምስተኛው ቀን ላይ ጎልማሳው ፈገግ ብሎ «አየህ?» አለኝ። እኔም አየሁ ብዬ ነበር። አሁን ደብተሩን ስገልጥ የዚያን ጊዜ ሞኝነቴ ይገርመኛል። ያለ ምንም መድኃኒት 47 ቀን የቆየች ልጅ አምስት ቀን ብትቆይ ምን ይመሰክራል? ሁለቱ ሱባኤ በሰላም ቢያልቅ ኖሮ እኔም ዛሬ በመኝታ ክፍላችን «በዓይኔ አይቻለሁ» ብዬ ከሚምሉት አንዱ እሆን ነበር።

በሰባተኛው ሌሊት ጣላት። ተወራጭታ ሳትነቃ ሁለተኛ፣ ከዚያ ሦስተኛ ደገማት። ከንፈሯ ጠቆረ። ያ ጎልማሳ ነው ቀድሞ ጋቢውን በሁለት እንጨት ላይ አስሮ ቃሬዛ የሠራው። አራት ሆነን በጨለማ ወደ መኪና መንገድ ተሸክመናት ስንወጣ ከፊት እሱ ነበር፤ ሲሄድ ያለቅሳል። ሆስፒታል ስንደርስ ነግቷል። በመርፌ አስታገሷት። ሐኪሙ ካርድ እየጻፈ «መድኃኒቱን ማን አቋረጠው?» አለ። እኔ አፌን ሳልከፍት እናቴ «እኔ ነኝ፣ ጌታዬ» አለች። ሐኪሙ ጻፈ። እኔ መሬት መሬት አየሁ።

እህቴ ተርፋለች። ለሦስት ቀን ያህል ስሟን የምትናገረው ቆም እያለች ነበር፤ ከዚያ ተመለሰላት።

ከዚያ ወዲህ ያገኘሁትን ሁሉ ሳነብ ቆይቻለሁ። ከክርስቶስ ልደት በፊት በ400 ዓመት ገደማ በሂፖክራጥስ ስም በተጻፈ የግሪክ መጽሐፍ፣ ይህ በሽታ «ቅዱስ» የተባለው ሰው ምክንያቱን ስላላወቀው እንጂ ከሌሎች በሽታዎች የተለየ እንዳልሆነ፣ መነሻውም አንጎል እንደሆነ ተገልጿል። የአንጎል ሕዋሳት እርስ በርስ የሚነጋገሩት በጥቃቅን የኤሌክትሪክ ምልክት ነው፤ ብዙዎቹ ባንድ ጊዜ ያለ ሥርዓት ሲተኩሱ ሰውየው ይወድቃል። አረፋው ምራቅ ነው፤ አይጋባም። በአገራችን ፕሮፌሰር ረዳ ተክለ ሃይማኖትና ባልደረቦቻቸው በቡታጅራ አካባቢ ቤት ለቤት ባካሄዱትና እ.ኤ.አ. በ1990 በታተመው ጥናት ከ1000 ሰው 5 ያህሉ ይህ በሽታ እንዳለበት ታውቋል። ከነሱ ውስጥ ተገቢውን መድኃኒት አግኝቶ የሚያውቀው ግን ከመቶ ሁለት እንኳ አይሞላም ነበር። ሌላው ወደ ጠበልና ወደ ሥራሥር ነበር የሄደው። ሕዝቡ ክኒኑን ንቆ ሳይሆን በአቅራቢያው ስላላገኘው ጭምር ነው። ይህን የሚረሱት «አጉል እምነት» ብለው የሚያልፉት ጓደኞቼ ናቸው።

በሌላው ወገን ላላችሁት ደግሞ አንድ ሁለት ነገር ላንሣ። በማርቆስ ወንጌል ምዕራፍ 9 ወደ እሳትና ወደ ውኃ የሚወድቀውን ልጁን ያመጣው አባት ማመኑንም አለማመኑንም ሳይደብቅ ነው የለመነው፤ ልጁም ዳነ። እኔ በጠበሉ ዳር የፈራሁት ያንኑ ጥርጣሬዬን ማሳየት ነበር። በመጽሐፈ ሲራክ ምዕራፍ 38 ደግሞ ሐኪምን የፈጠረው እግዚአብሔር እንደሆነ፣ መድኃኒትንም ከምድር ያወጣው እሱ እንደሆነ ተጽፏል። ሼሁም በበኩላቸው አላህ ያለ መድኃኒት ያወረደው በሽታ የለም ብለውናል። በ1999 ዓ.ም. የኤችአይቪ መድኃኒት የጀመሩ ብዙ ሰዎች እንጦጦ ማርያም ጠበል ገብተው መድኃኒቱን ሲያቋርጡ፣ ፓትርያርኩ አቡነ ጳውሎስ ሁለቱን ጎን ለጎን መውሰድ እንደሚቻል በይፋ ተናግረዋል። እኔ ይህን ባውቅ ኖሮ ለዚያ ጎልማሳ የምመልሰው አላጣም ነበር።

ታዲያ ጠበሉ ምንም አልሰጣትም? እዚህ ላይ ነው ከሁለቱም ወገን የምለየው። እህቴን ጠይቄያታለሁ። «እዚያ ሰው ከጎኔ ይተኛ ነበር» አለችኝ። በእርግጥም በጠበሉ ማንም አልሸሻትም። ከአንድ ጽዋ ጠጡ፣ አብረዋት በሉ፣ ስትወድቅም አራት ሰው ትከሻውን ሰጣት። ክኒኑ መውደቋን ያስቀረላት ነበር፤ ሰው ከጎኗ ማስቀመጥ ግን አልቻለም። ያንን የነፈጋት ደግሞ ጠበሉ ሳይሆን የመማሪያ ክፍሉ ነው። እኛ ነገ የምንገባበት ክፍል።

ስለዚህ ተማሪያችሁ ክፍል ውስጥ ቢወድቅ ክብሪት አትፈልጉ፤ በአፉም ማንኪያ አታስገቡ። ዴስኩን ገለል አድርጉ፣ በጎኑ አስተኙት፣ ሰዓታችሁን ተመልከቱ፤ ከአምስት ደቂቃ ካለፈ ወይም ሳይነቃ ከደገመው ወደ ሐኪም አድርሱት። ሲነቃም እዚያው ቦታው ላይ፣ ከጓደኞቹ መካከል ይቀመጥ።

እህቴ ዘንድሮ 7ኛ ክፍል ገብታለች። ደብተሩን አሁን የምትይዘው ራሷ ናት፤ ጽሑፏ ከእኔ ያምራል። ከዚያ ወዲህ የተመዘገበው ሁለት ጊዜ ብቻ ነው፤ አንዱ ክኒኑ ያለቀባት ሰሞን፣ ሌላው ምክንያቱ ያልታወቀ። ጠበሉንም አልተወችም። እናቴ ለክኒኑና ለእምነቱ አንድ ከረጢት ሰፍታላታለች። ከማኅሌት በፊት ግን ተኝታ ትነሣለች።

በሆስፒታሉ ካርድ ላይ ግን አሁንም «መድኃኒቱን እናት አቋረጠች» ይላል። ቀጠሮዋ በሚቀጥለው ወር ነው። ፈቃድ ጠይቄ አብሬያት እሄዳለሁ።