«ሆድ ይፍጀው» ስንል ደም ሥራችን ምን ይላል?

በቋንቋችን ንዴትና ሐሳብ የሰውነት ስም አላቸው። የተቈጣ ሰው «ደሜ ፈላ» ይላል፤ ያዘነ «አንጀቴ አረረ» ይላል፤ ሊናገረው ያልቻለውን የያዘ ደግሞ «ሆድ ይፍጀው» ብሎ ዝም ይላል። አባቶቻችን ይህን ሲሉ የሕክምና ትምህርት ቤት ገብተው አልነበረም። ይሁን እንጂ ሐሳብ ራስ ውስጥ ታጥሮ እንደማይቀር፣ ወደ ሥጋና ወደ ደም እንደሚወርድ ያውቁ ነበር። ውድ አንባብያን፣ በዚህች ገጽ የምንነጋገረው ስለዚሁ የመውረጃ መንገድ ነው፤ በየሰፈራችን የደም ብዛት ኪኒን የሚውጡ ጎረቤቶች አሉንና።

እኛ መምህራን የደም ሥርን ለተማሪ ስናስረዳ የውሃ ቧንቧን ምሳሌ እናደርጋለን። ምሳሌው ለጅማሬ ይበጃል፤ ግን ግማሹን እውነት ያስቀራል። ቧንቧ ግዑዝ ነው፤ የደም ሥር ግን ሕያው ነው፤ ይጠባል፣ ይሰፋል። እ.ኤ.አ. በ1980 አሜሪካዊው ሳይንቲስት ሮበርት ፈርችጎትና የሥራ ባልደረባው የጥንቸል ደም ሥር ቁራጭ ሲመረምሩ፣ አሴቲልኮሊን የተባለው ቅመም ሥሩን የሚያላላው የውስጥ ሽፋኑ ሳይነካ ሲቀር ብቻ መሆኑን አሳዩ። ሽፋኑ ከተፋቀ ያው ቅመም ማላላቱ ይቀራል። ይህ ሽፋን ኢንዶቴልየም ይባላል፤ ውፍረቱም የአንዲት ሕዋስ ያህል ብቻ ነው። ከእርሱ እየወጣ ሥሩን የሚያላላው ናይትሪክ ኦክሳይድ የተባለ ጋዝ መሆኑ በኋላ ታወቀ፤ ለዚህም ፈርችጎት፣ ኢግናሮና ሙራድ እ.ኤ.አ. በ1998 የኖቤልን ሽልማት ተካፈሉ።

ሰው ሲጨነቅ አንጎል በነርቮች በኩል ትእዛዝ ይሰጣል፤ ከኩላሊት በላይ ያሉት ዕጢዎች አድሬናሊን ይለቃሉ። ልብ ይፈጥናል፤ የሆድ ዕቃና የኩላሊት ደም ሥሮች ይጠባሉ፤ የጡንቻዎቹ ግን ለመሮጥ ወይም ለመታገል እንዲያመች ይሰፋሉ። ተመራማሪዎች ይህን ከሚፈትኑባቸው መንገዶች አንዱ ለሙያችን ቅርብ ነው፤ ይኸውም የቃል ሂሳብ ነው። ተመርማሪው ከአንድ ቁጥር ላይ 7 እየቀነሰ ቶሎ ቶሎ እንዲመልስ ይገፋፉታል፤ በዚያው ጊዜ በክንዱ የሚያልፈውን ደም ይለካሉ። በጥቁር ሰሌዳ ፊት ጠመኔ ይዞ እጁ የተንቀጠቀጠ ልጅ ያየ መምህር፣ ይህ ፈተና ለምን እንደተመረጠ አይጠይቅም።

ውጤቱ እንዲህ ነው። በጤነኛ ሰው የክንድ ደም ሥር ይሰፋል፤ ናይትሪክ ኦክሳይዱም ያግዘዋል። የደም ብዛት ባለበት ሰው ግን መስፋቱ ያነሰ ነው፤ ሽፋኑ ያንን ጋዝ በሚበቃ መጠን አያቀርብምና። ልብ ይገፋል፤ መንገዱ ግን እንደሚገባው አይለቅም። ጤነኛውም ቢሆን ጨርሶ አያመልጥም። እ.ኤ.አ. በ2000 በወጣ ጥናት፣ በጥቂት ጤነኛ ወንዶች ላይ የ3 ደቂቃ ጭንቀት ብቻ የደም ሥርን የመስፋት ችሎታ በግማሽ ያህል ቀንሶ፣ ከሰዓት ተኩል በኋላም አልተመለሰም ነበር፤ የተመለሰው በ4ኛው ሰዓት ነው። 3 ደቂቃ እንዲህ ካደረገ፣ በየሳምንቱ ማስታወቂያ ሰሌዳ ላይ ስሙን እየፈለገ የሚያጣ ሰው ምን እንደሚሸከም እያንዳንዳችን እናስብ።

ይህ ማለት ግን ጭንቀት ብቻውን ደም ብዛትን ይወልዳል ማለት አይደለም። ዘር፣ ዕድሜ፣ ጨው፣ ውፍረት፣ መጠጥ፣ ያለ እንቅስቃሴ መዋል ሁሉም ድርሻ አላቸው። ስለዚህ «ሐሳብ ነው፤ ጉዳዬ ሲያልቅ ይለቀኛል» እያለ ኪኒኑን የሚያቋርጥ ወገን ራሱን ይጎዳል። የደም ግፊት ምንም ሕመም ሳያሰማ አንጎልን፣ ልብንና ኩላሊትን ይበላል።

አንዲት የምናውቃቸው እናት ስማቸው ከዝርዝሩ በቀረበት ቀን በቀጥታ ወደ ክሊኒክ ሄዱ፤ ግፊታቸው እጅግ ከፍ ብሎ ተገኘ። በሌላ ቀን ዐርፈው ሲለኩ ወረደ፤ ሆኖም ከ140 በ90 በታች አልሆነም። እርሳቸውም ሁለቱንም ተረዱ፤ ሐሳቡም እውነት ነው፤ በሽታውም እውነት ነው። ኪኒናቸውን ይውጣሉ።

ከዚህ ተነሥተን የምንመክረው ጥቂት ነው። ከመለካታችን በፊት ጀርባችንን አስደግፈን 5 ደቂቃ ዝም ብለን እንቀመጥ፤ ክንዳችን በልብ ትክክል ይረፍ። ከመለካት በፊት ባለው ግማሽ ሰዓት ቡናው ይቆየን፤ ወሬውም፣ ይልቁንም የዝርዝሩ ወሬ፣ ከወረፋው ይራቅ። ቡናው ከተለካን በኋላ ይድረሰን፤ የሆዳችንን የምናወጣበት ቦታ እርሱ ነውና።

በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም ይባላል። ጎረቤታችን «ሆድ ይፍጀው» ሲል የሚፈጀው ሆዱን ብቻ እንዳልሆነ አሁን ዐውቀናል። ምሥጢሩን በግድ አናስወጣው፤ ግን አጠገቡ እንቀመጥ፤ ከመነሣታችንም በፊት ኪኒኑን ውጦ እንደሆነ እንጠይቀው።