ሙያ በልብ ሲሆን ዋይፋይ አይሠራም

«ሙያ በልብ ነው» የሚለውን አባባል እንወደዋለን። ጉራህን ተውና ሥራህ ይናገር ማለት ነው፤ መልካም ምክር ነው። ችግሩ፣ ይህን ምክር ወስደን ሌላ ነገር ሠራንበት። የባህል ሐኪሙ ቅጠሉን ለልጁ እንኳ ሳያሳይ ይሞታል። ወጥ ላስተምርሽ ያለችሽ እትዬ ድስቱ ሊደርስ ሲል «እስቲ ውጪና በሩን እዪልኝ» ትልሻለች፤ ስትመለሺ ቅመሙ ገብቷል። ኮምፒውተር ጠጋኙም ስክሪኑን ወደ ራሱ አዙሮ ነው የሚሠራው። ሁሉም ጎበዝ ነው፤ ሁሉም ግን የሚያውቀውን ይዞት ይሄዳል።

ዛሬ የምናወራችሁ ስለ ዋይፋይ ነው። አትሳቁ፤ ይገናኛል።

ሦስት ሆነን በተከራየናት ኮንዶሚኒየም ውስጥ አንዲት ላፕቶፕ አለች። አዋጥተን የገዛናት፣ ያገለገለች፣ አንድ ማጠፊያዋ የላላ፣ ከቻርጀር ከተለየች አንድ ሰዓት የማትቆይ። እንዲያም ሆና ቤቱን የምታስተዳድረው እሷ ናት። ከመካከላችን አንዷ የትርጉም ሥራ ትሠራባታለች፤ ሁለታችን ማታ ማታ እንማርባታለን። ሐምሌ 2016 ዓ.ም. የብር ምንዛሪ በገበያ እንዲወሰን ከተለቀቀ ወዲህ ከውጭ የሚገባ ዕቃ የት እንደደረሰ ታውቁታላችሁ። ስለዚህ «አዲስ ግዙ» የሚል ምክር ያላችሁ ለራሳችሁ ያዙት።

ላፕቶፗ የመጣችው ዊንዶውስ 10 ተጭኖባት ነው። ማይክሮሶፍት ለእሱ ይሰጠው የነበረውን መደበኛ ድጋፍ ጥቅምት 4 ቀን 2018 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ. ኦክቶበር 14 ቀን 2025) አብቅቷል። ዊንዶውስ 11 ደግሞ ቲፒኤም 2.0 የሚባል የደህንነት ክፍልና በተፈቀደው ዝርዝር ውስጥ ያለ ፕሮሰሰር ይጠይቃል፤ የእኛዋ በዕድሜዋ ከዝርዝሩ ውጪ ናት። የቀረልን ሊኑክስ ነበር። ክፍያ የለውም፣ ላረጀ ማሽን ይራራል፣ እንግዳም አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1991 ሊነስ ቶርቫልድስ የሚባል የሄልሲንኪ ዩኒቨርሲቲ ተማሪ የጀመረው ነገር ዛሬ በኪሳችሁ ያለው የአንድሮይድ ስልክ ልብ ሆኖ ይሠራል። ሊኑክስን አናውቀውም የምትሉ፣ ስታውቁት ኖራችኋል።

ቅዳሜ ማታ አንዱን የሊኑክስ ዓይነት በፍላሽ ጫንን። ድምፁ ሠራ። ካሜራው ሠራ። የአማርኛ መጻፊያው ሳይቀር ሠራ። የዋይፋይ ምልክቱ ግን የለም። ጠፍቶ ወይም ደክሞ አይደለም፤ ጭራሽ የለም። ወትሮ ከታች እስከ ላይ የሚደረደረው የጎረቤት ራውተር ስም ሁሉ ድራሹ ጠፋ። ሰኞ ጠዋት ደግሞ አርባ ገጽ ትርጉም መግባት ነበረበት፤ አሠሪዎቹ የሚቀበሉት በራሳቸው ድረ ገጽ ላይ ተጽፎ ሲገባ ብቻ ነው። በስልክ አርባ ገጽ የጻፈ ሰው ካለ አውራ ጣቱን እንስምለታለን።

እሁድ ጠዋት ለምናውቀው ጠጋኝ ደወልን።

«ሊኑክስ ዋይፋይ አይዝም። አምጧት፣ ዊንዶውስ ልመልስላችሁ፤ ክራኩ አለኝ።»

«ለምንድነው የማይዘው?»

«አይዝማ!»

ይኸው ነው መልሱ። እኛ ደግሞ «አይዝማ» አላጠገበንም። ክራክ ማለት ማን እንደነካካው የማይታወቅ ዊንዶውስ ማለት ነው፤ የሰው ሰነድ የሚተረጎምበት ማሽን ላይ እንዲገባ አልፈለግንም። ስለዚህ ቁጭ ብለን «ለምን» የሚለውን ጠየቅን። ያገኘነውን እንንገራችሁ።

የዋይፋይ ካርድ ራሱን የቻለ ትንሽ ኮምፒውተር ነው። ለመሥራት ሁለት ነገር ይፈልጋል። አንዱ ድራይቨር ነው፤ በካርዱና በኮምፒውተሩ መካከል የቆመ አስተርጓሚ በሉት። ሌላው ፈርምዌር ነው፤ ካርዱ ራሱ በሥራ ላይ ሲሰማራ የሚመራበት የውስጥ ፕሮግራም። ብዙ ካርዶች ይህን ፈርምዌር በሆዳቸው ይዘው አይመጡም፤ መብራት ባገኙ ቁጥር ከኮምፒውተሩ ይቀበላሉ። አምራቹ የካርዱን ቋንቋ ለማንም ካልነገረ፣ ሊኑክስን የሚጽፉት ሰዎች አስተርጓሚውን ከምን ይሥሩት? አምራቾቹ ምክንያት ይሰጣሉ፤ የንግድ ምስጢር ነው ይላሉ፣ የሬዲዮ ሞገድና ኃይል በየአገሩ በሕግ የተገደበ ስለሆነ ሰው እንዳይነካካው ነው ይላሉ። ይሁን። ውጤቱ ግን አንድ ነው። የገዛችሁት ዕቃ ውስጥ እናንተ የማትገቡበት ክፍል አለ። ሙያ በልብ፣ የቺፕ እትም!

አሁን ወደ ሥራው። የመጀመሪያው እንቅፋት አስቂኝ ነው። ድራይቨሩ ያለው ኢንተርኔት ላይ ነው፤ ኢንተርኔቱ ያለው ከድራይቨሩ ወዲያ ነው። ቁልፉን ሳጥን ውስጥ ከትቶ ሳጥኑን መቆለፍ ማለት ይህ ነው። የእኛዋ ቀጭን ስለሆነች የኔትወርክ ገመድ መሰኪያም የላትም። መውጫው የስልክ ቻርጀር ገመድ ሆኖ ተገኘ። አንድሮይድ ስልክን በዩኤስቢ ሰክታችሁ፣ ከስልኩ ሴቲንግ ውስጥ በዩኤስቢ ኢንተርኔት ማጋራትን ብታበሩ፣ ሊኑክስ እንደ ገመድ ኔትወርክ ቆጥሮ ይቀበለዋል። ዳታ ይበላል፤ ግን ነፍስ ይዘራል።

ከዚያ ጥቁሩን መስኮት፣ ተርሚናል የሚሉትን፣ ከፈትን። የሚያስፈራ ይመስላል እንጂ ጥያቄ መጠየቂያ ነው። ሦስት ጥያቄ ይበቃል፤ ሦስቱንም በትንንሹ የእንግሊዝኛ ፊደል ጻፏቸው።

አንደኛው «አርኤፍኪል» ነው። ዋይፋዩ ተዘግቶ እንደሆነ ይነግራችኋል። አንዳንዴ ችግሩ ሁሉ በላፕቶፑ ጎን ያለች ማብሪያ ማጥፊያ ናት፤ ሰው ሌሊቱን ሙሉ ሲታገል ያድርና ጠዋት ጣቱ ያገኛታል።

ሁለተኛው «ኤልኤስፒሲአይ» ነው። ማሽኑ ውስጥ የተሰኩትን ቺፖች ይዘረዝራል። ከመጨረሻው ክፍት ቦታ ትታችሁ ሰረዝና ሁለት «ኤን» ብትጨምሩ፣ ከእያንዳንዱ ጎን አራት አራት ሆነው በሁለት ነጥብ የተለያዩ ስምንት ቁምፊዎች ታያላችሁ። ወሳኙ ነገር ይህ ነው። ላፕቶፑ ክዳን ላይ የተጻፈው ስም ለዚህ ሥራ ብዙ አይረዳም፤ አንድ ስም ያላቸው ሁለት ላፕቶፖች የተለያየ ካርድ ሊኖራቸው ይችላል። ስምንቱ ቁምፊ ግን የካርዱ መታወቂያ ነው። መልስ ስትፈልጉ እሱን ይዛችሁ ፈልጉ።

ሦስተኛው «ዲሜሴጅ» የሚሉት ሲሆን አጻጻፉ ዲ፣ ኤም፣ ኢ፣ ኤስ፣ ጂ ነው። ማሽኑ ሲነሣ ለራሱ ያወራውን ያሳያችኋል፤ አንዳንዱ ሲስተም የአስተዳዳሪ ፈቃድ ይጠይቅበታል። እዚያ ውስጥ ስለ ፈርምዌር የሚያወራ መስመር ኖሮ «ማይነስ 2» የሚል ስሕተት ካለበት፣ ትርጉሙ ቀላል ነው፤ ፋይሉን ፈለግሁ፣ የለም ማለት ነው። ተበላሽቷል ማለት አይደለም፤ ትክክለኛውን የፈርምዌር ጥቅል መጫን ነው።

የእኛዋ ጉድ ሌላ ነበር። ካርዷ የምትፈልገው የአምራቹን ዝግ ድራይቨር ነው። የካርዷን መታወቂያ ይዘን ስንፈልግ፣ ከዓመታት በፊት አንድ የማናውቀው ሰው ተመሳሳይ ካርድ ይዞ የታገለበትን ደረጃ በደረጃ ጽፎ ትቶት አገኘን። እሱ እንዳለው ድራይቨሩን ጫንን፤ አሁንም ዝም። ስናስገድደው፣ ቁልፉ ተቀባይነት አላገኘም የሚል መልስ መጣ። ሴኪዩር ቡት የሚባለው ጥበቃ ነው፤ የታመነ ፊርማ የሌለውን ነገር ወደ ሊኑክስ እምብርት አያስገባም። ሰውዬው ለዚህም ጽፎ ነበር። የራሳችሁን ፊርማ ታዘጋጃላችሁ፣ የይለፍ ቃል ትሰጡታላችሁ፣ ማሽኑን አጥፍታችሁ ታበራላችሁ። ሊኑክስ ከመነሣቱ በፊት ሰማያዊ ስክሪን ብቅ ይልና አሥር ሰከንድ ይቆጥራል። በዚያች አሥር ሰከንድ ውስጥ ቁልፍ ካልነካችሁ እንዳልነበረ ሆኖ ያልፋል። ሦስታችንም ጣታችንን ኪቦርዱ ላይ ደርድረን ጠበቅነው።

ማሽኗ ተነሣች። የጎረቤት ራውተሮች አንድ በአንድ ተደረደሩ። ከእሁድ ሌሊቱ አምስት ሰዓት ነበር። ትርጉሙ ሰኞ ጠዋት በሰዓቱ ገባ።

ከደስታው በላይ ያስገረመን ግን በዚህ መንገድ ላይ ስንት ሰው እንዳለ ነው። የብሮድኮምን ካርዶች ታሪክ እንንገራችሁ፤ ሊኑክስ ላይ ታዋቂ ነው። እ.ኤ.አ. በ2000ዎቹ መጀመሪያ ለእነዚህ ካርዶች ክፍት የሊኑክስ ድራይቨር አልነበረም። ፈቃደኞች ለሁለት ተከፈሉ። አንደኛው ቡድን ዝጉን ድራይቨር መርምሮ ካርዱ ምን ሲባል ምን እንደሚያደርግ በጽሑፍ አሰፈረ። ሁለተኛው ቡድን ዝጉን ነገር ሳያይ፣ ጽሑፉን ብቻ አንብቦ አዲስ ድራይቨር ሠራ። እንዲህ ያደረጉት ከሰው ኮድ ቀዳችሁ እንዳይባሉ ነው። ሥራቸው እ.ኤ.አ. በ2006 ከሊኑክስ 2.6.17 ጋር ወጣ። ፈርምዌሩን ማደል ግን ፈቃድ ስላልነበራቸው፣ እያንዳንዱ ሰው ከአምራቹ ድራይቨር ውስጥ ቆርጦ የሚያወጣበትን መሣሪያ ሠርተው ሰጡ። እ.ኤ.አ. በ2010 ኩባንያው ራሱ ለአዳዲስ ካርዶቹ ክፍት ድራይቨር አወጣ። በሩ ከውስጥ የተከፈተው ከውጭ ያሉት ጽፈው፣ ጽፈው፣ ጽፈው ነው።

እዚህ ላይ አንድ ጥያቄ እንደምትጠይቁን እናውቃለን። ጠጋኙ ዕውቀቱን ከበተነ በምን ይበላል? ጥያቄው ተገቢ ነው፤ የቤት ኪራይ የሚከፈለው በምርቃት አይደለም። ግን እስቲ አስቡት። ዛሬ የሊኑክስን እምብርት ከሚጽፉት ብዙዎቹ በየኩባንያው ደመወዝ የሚከፈላቸው ናቸው። ኮዳቸውን ማንም ያየዋል፤ የሚከፈላቸው ለምስጢሩ ሳይሆን ለችሎታቸውና ለጊዜያቸው ነው። እኛም ለጠጋኝ የምንከፍለው ብዙውን ጊዜ ሰዓቱ ስለሌለን ነው። ምስጢር ያደረገው ነገር ግን እሱንም ይጎዳዋል። እሱም አንድ ቀን ከሌላ ጠጋኝ በተማረው «አይዝማ» ላይ ተቸክሎ ቀርቷል።

ችግሩ ደግሞ ዕውቀቱ አለ ስንል በእንግሊዝኛ ነው። ከመካከላችን አንዷ አስተርጓሚ ባትሆን ኖሮ ያንን ሰው ጽሑፍ ማን ያነብልን ነበር? ስለዚህ ሰኞ ማታ ያደረግነውን ሁሉ በአማርኛ በአንድ ገጽ ጻፍነው። መታወቂያ ቁጥሩ፣ የስልኩ ገመድ፣ አሥሩ ሰከንድ፣ ሁሉም አለ። ያንኑ ዓይነት ካርድ የያዘ አንድ ልጅ ጅማ ወይም ደሴ ቢኖር፣ ሰኞ የሚያስገባው ሥራ ቢኖረው፣ እሁድን ይተርፍበታል። እናንተም የፈታችሁት ነገር ካለ፣ ፕሪንተርም ይሁን የአማርኛ ኪቦርድ፣ ጻፉት። አጭር ይሁን፣ ቋንቋው አይመር፣ ብቻ ይጻፍ።

አንዱን ቅጂ ለጠጋኛችን ወሰድንለት። ከላይ እስከ ታች አነበበው። አንድ ሁለት ቦታ ላይ ቅንድቡን አነሣ። ከዚያ በጥንቃቄ አራት ላይ አጥፎ ደረት ኪሱ ውስጥ ከተተው።

ሙያ በልብ!