ሦስት ቀን በቬኒስ፣ በወረቀት ላይ

እኛ አንድ መኝታ ክፍል የምንጋራ ስድስት የማኅበራዊ ሳይንስ ሠልጣኞች ነን። አውሮፕላን የምናውቀው ሰማይ ላይ ሲያልፍ ብቻ ነው። ይሁንና ባለፈው ወር የጂኦግራፊ መምህራችን «አንድ ጥንታዊ የአውሮፓ ከተማ መርጣችሁ የሦስት ቀን የጉዞ ዕቅድ አዘጋጁ» ቢሉን ቬኒስን መረጥን። ምክንያታችን ቀላል ነበር፤ መኪና የማይነዳበት ከተማ ማየት አማረን።

ስንጀምረው ግን ነገሩ ቀልድ አልሆነም። ከአዲስ አበባ እስከ ሚላኖ በአውሮፕላን፣ ከዚያ ሁለት ሰዓት ተኩል ያህል በባቡር። የቪዛው ዋጋ እ.ኤ.አ. በ2024 አጋማሽ 90 ዩሮ ገብቷል። በዚያ ላይ ቢያንስ የ30,000 ዩሮ የሕክምና መድን፣ የባንክ መግለጫ፣ ምኑ ቅጡ! «የማንን ባንክ ነው የምናሳየው?» አለ አንዱ። ከተማዋም ውሎ ለሚመለስ እንግዳ በተወሰኑ ቀኖች 5 ዩሮ መግቢያ ማስከፈል የጀመረችው በዚያው ዓመት ነው፤ የሚያድር ግን አይከፍልም። እንደር ተባለ። ቀጥሎ የወሩ ነገር መጣ። ኖቬምበር 12 ቀን 2019 የባሕሩ ውሃ 187 ሳንቲ ሜትር ደርሶ አብዛኛውን ከተማ አጥለቅልቆ ነበር። በ2020 የሚነሣና የሚወርድ የባሕር መዝጊያ ሥራ ጀምሯል፤ ቢሆንም ኅዳርን ሰረዝናት።

እዚህ ላይ ጠብ ተነሣ። ከመካከላችን ዝምተኛው «ኧረ ተዉ እባካችሁ! ላሊበላን ሳናይ ቬኒስ ምን ይሉታል? በራሳችን እየቀለድን እኮ ነው» ብሎ ብርድ ልብሱን ተከናነበ። እውነቱን ለመናገር መልስ አልነበረንም።

መልሱ የመጣው ለሁለተኛው ቀን የሚታይ ነገር ስንፈልግ ነው። በቅዱስ ማርቆስ አደባባይ ባለው በማርቺያና ቤተ መጻሕፍት፣ ፍራ ማውሮ የተባለ መነኩሴ በ1450 ገደማ የሠራው ክብ የዓለም ካርታ ይገኛል። ስፋቱ ሁለት ሜትር ያህል ነው። ደቡብን ከላይ፣ ሰሜንን ከታች አድርጎታል፤ ስለዚህ የእኛ አገር ወደ ላይ ወጥታለች። ዓባይ አለ፣ አዋሽም አለ። መነኩሴው እዚህ አገር ረግጦ አያውቅም። ያገኘው ከኢትዮጵያውያን መነኮሳት ነው፤ አውራጃውንና ወንዙን በገዛ እጃቸው ሥለው እንዳሳዩት እዚያው ካርታው ላይ ጽፎታል። ለነገሩ የአፄ ዳዊት መልእክተኞችም ቬኒስ የደረሱት ቀደም ብሎ፣ በ1402 ነው።

ዝምተኛው ጓደኛችን ብርድ ልብሱን ገለጠና «እነሱ ካርታ ሳይዙ ሣሉ፤ እስቲ እኛ እንሣል» አለ። መጽሐፍም ስልክም ዘግተን በየወረቀታችን የአገራችንን ወንዞች ሣልን። ምን ዋጋ አለው! አንዱ ተከዜን ጣና ውስጥ ከተተው። ሁለታችን ዋቢ ሸበሌን ረሳነው። አዋሽ በሦስት ወረቀት ላይ ቀይ ባሕር ገባ፤ አፋር ውስጥ አቤ ሐይቅ ላይ የሚቀር ወንዝ እኮ ነው! አሥራ ሁለተኛ ክፍል ጨርሰናል፤ ከጥቂት ጊዜ በኋላ ደግሞ ጠመኔ ይዘን ሕፃናት ፊት እንቆማለን። በዚያች ሌሊት ብዙ አልሳቅንም።

ዕቅዱን ለመምህራችን ያስረከብነው ተስተካክሎ ነው። የመጀመሪያው ቀን ለሪያልቶ ድልድይና ለጀልባው፣ ሦስተኛው ለመመለሻ፤ የሁለተኛው ቀን ጠዋት ግን ሙሉ በሙሉ ለካርታው። ደወል ማማውን ከጊዜ የተነሣ ትተነዋል።

ስድስቱን ወረቀቶች ከዚህ ጽሑፍ ሥር ለጥፈናል፤ ስም አልጻፍንባቸውም። እርሳስ በክር ታስሯል፤ የአገሩን ወንዝ የሚያውቅ ያርምልን። እርሳሱን ግን አትውሰዱብን።