ሳይርብሽ ብዪ

የፋሲካ ሰሞን ነበር። ሲልቨር ስፕሪንግ፣ ሜሪላንድ። የ16 ዓመት ልጄን ክፍል ሳጸዳ ከአልጋዋ ሥር አንድ ፌስታል ሙሉ የብስኩትና የቺፕስ ላስቲክ አገኘሁ። ከመሐሉ እኔ የጋገርኩት ድፎ ዳቦ ግማሹ ደርቆ ተቀምጧል። ልጄ ቀን ማዕድ ትሸሻለች፤ ሌሊት ኩሽና ውስጥ ኮሽታ እሰማ ነበር። ከትምህርት ቤት ስትመለስ ፌስታሉን ፊቷ ዘረገፍኩና «ሆዳም!» አልኳት። አላለቀሰችም። አንገቷን ደፍታ ላስቲኮቹን አንድ በአንድ ለቀመች።

መጀመሪያ ያያት ሐኪም «ምግብ ቀንሺ» አላት። ቀነሰች፤ ሌሊቱ ባሰ።

በጥቅምት ወደ ሥነ ልቦና ባለሙያ ሄድን። ስለ ውፍረት አንድም ቃል ሳታነሳ «ቁርስ በስንት ሰዓት በላሽ?» ብላ ጠየቀቻት። ለካ ልጄ ቁርስም ምሳም አትበላም። ባለሙያዋ ወደ እኔ ዞራ እንዲህ ራስን መግታት እስኪያቅት መብላት ሆዳምነት ሳይሆን ሕመም መሆኑን፣ በአሜሪካ የአእምሮ ሐኪሞች መመሪያም እ.ኤ.አ. በ2013 ራሱን ችሎ መመዝገቡን ነገረችኝ። ቀኑን ሙሉ የተራበች ልጅ ማታ መብላት ስትጀምር ማቆም ያቅታታል፤ ታፍራለች፤ ያንን ለማካካስ በማግስቱ ደግሞ ትራባለች። ስለዚህ ትእዛዙ «ሳይርብሽ ብዪ» ሆነ፦ በቀን ሦስት ማዕድ፣ ሁለት ወይም ሦስት መክሰስ፣ በመካከላቸው ከ4 ሰዓት ያልበለጠ ክፍተት። የኦክስፎርዱ ክሪስቶፈር ፌርበርን ያደራጀው ሕክምና ነው፤ 20 ሳምንት ያህል ይፈጃል። ሚዛን ላይ የምትወጣው በሳምንት አንዴ ብቻ ነው። ደብተርም ተሰጣት፤ የበላችውን፣ የበላችበትን ቦታና የተሰማትን ሳይውል ሳያድር እዚያው ትጽፋለች።

አንድ ቀን ገልጣ አሳየችኝ። «እሑድ። እንግዶች መጡ። ወፈርሽ አሉኝ። እማዬ በሞቴ ብዪ አለችኝ። እኩለ ሌሊት፣ ኩሽና።» ለእኛ ሁለቱም የፍቅር ቃል ነው። ለእሷ አንዱ ብዪ፣ አንዱ አትብዪ ሆኖባታል። ያን ገጽ እስካነብ ድረስ ይህ ፈጽሞ አልታየኝም ነበር።

ዐቢይ ጾም ሲገባ ጨነቀኝ። 55 ቀን እስከ ዘጠኝ ሰዓት ሳትበላ ከዋለች የተሠራው ሁሉ ሊፈርስ ነው። ነፍስ አባታችንን አማከርኳቸው። «ሕመምተኛ ናት፤ ትብላ። አንቺ ምላስሽን ጹሚላት» አሉኝ።

ክብደቷ ብዙም አልቀነሰም፤ ባለሙያዋም ይህን ከመጀመሪያው ነግራናለች። የሌሊቱ ኮሽታ ግን ቀረ። እናቶች፣ ከልጃችሁ አልጋ ሥር እንዲህ ያለ ፌስታል ካገኛችሁ፣ እባካችሁ ፊቷ አትዘርግፉት። ቁርስ በልታ እንደሆነ ጠይቋት፤ ወደ ባለሙያም ውሰዷት።